ወደኋላ ስናይ እምነታችንን የሚያላሉብን ስህተቶች

ዕድሜ ሃምሳን ከተሻገረ ሰው ማንም ሳያዘው ወደኋላ ማየት ይጀምራል። ደሴ ውስጥ የፈለጋችሁት ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር ተቀመጡና ስሙ፣ የሟች ነገር ተወርቶ ካለቀ በኋላ ወሬው ወደ ራስ ይዞርና አንዱ «እኔስ ምን ሰራሁበት በዚህ ዕድሜ» ይላል፣ ሌላው «ተወው ባክህ አያ፣ ምን ቀረን» ብሎ ካርታውን ይበውዛል። ከዛ ድንኳን ከወጡ በኋላ አንዱ ቤተክርስቲያን ማዘውተር ይጀምራል፣ አንዱ ጭራሽ ይርቃል። ሁለቱም የኖሩት ያንኑ ዘመን ነው፣ ያንኑ ድርቅ፣ ያንኑ ደርግ፣ ያንኑ ጦርነት።

ወደኋላ ማየት በራሱ ጥፋት የለበትም። ሙሴ ህዝቡን እግዚአብሔር አርባ ዓመት በምድረ በዳ የመራህን መንገድ አስብ ሲል (ዘዳግም 8 ላይ ነው) ዞር ብለው እንዲያዩ ነው ያዘዛቸው። የሎጥ ሚስትም ዞር ብላ ነው ያየችው፣ እሷ ግን የጨው ሐውልት ሆና ቀረች። ጌታችን እርፍ ይዞ ወደኋላ ስለሚያይ ሰው የተናገረውን ደግሞ ጃማ ወይ ደላንታ ላይ ያረሰ ሰው ማብራሪያ አይፈልግም፣ ዞር ባልክበት ቅጽበት ትልሙ ይጣመማል። እና እኔ በየሰንበቴው በየለቅሶው ስሰማቸው የኖርኳቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላውራ፣ ቅደም ተከተል ግን አትፈልጉብኝ።

የመጀመሪያው ዕድሜን በንብረት መቁጠር ነው። እገሌ አዲስ አበባ ፎቅ ሰራ፣ የእገሊት ልጅ አሜሪካ ገባች፣ እኔ ግን ያው የኪራይ ቤት ውስጥ ነኝ ጾሜን አላጎደልኩ ቅዳሴ አላስታጎልኩ ምን አተረፍኩ የሚል ሂሳብ። በተለይ ልጆቻቸውን ወደ አረብ ሀገር የላኩ ቤተሰቦች ጋ ይሄ ነገር ይከፋል፣ የአንዷ ልጅ ከቤሩት ቤት ታሰራለች የሌላዋ ልጅ በሽተኛ ሆና ትመለሳለች፣ እናትየው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ አይታ «እኔን እግዜር ረስቶኛል» ብላ ትደመድማለች። ይሄን ጥያቄ መጠየቅ ኃጢአት አይደለም፣ አሳፍ እራሱ በመዝሙሩ የክፉዎችን ደህና ኑሮ አይቼ ቀናሁ እግሬም ሊሰናከል ጥቂት ቀርቶት ነበር ይላል። ግን ልብ በሉ፣ አሳፍ ነገሩ የተገለጠለት ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ ነው፣ እኛ ደግሞ ቅሬታ ሲገባን መጀመሪያ የምንተወው ቦታ እሱን ነው። ቅሬታችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ እያጉረመረማችሁም ቢሆን ግቡ። መቆጠር ካለበት ደግሞ ያልቆጠራችሁት ብዙ ነው፣ አትተርፉም ተብሎ የተረፋችሁበት በሽታ፣ በራችሁን አንኳኩቶ እህል ያበደራችሁ ጎረቤት፣ እናንተ ሳትማሩ ቀርታችሁ ልጃችሁ መማሩ።

ሁለተኛው ድሮን ማሳመር። እኛ ወሎዬዎች ለዚህ በሽታ ቅርብ ነን ልበል? ትዝታ፣ አምባሰል፣ ባቲ እየሰማን አደግን፣ ያለፈ ነገር ሁሉ በማሲንቆ ታጅቦ ነው የሚመጣልን። እና አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ «ድሮ እኮ ሃይማኖት ነበረ፣ የዛሬ ሰው ምኑ ሰው ነው፣ የዛሬ ቄስ ምኑ ቄስ ነው» ይላል። ኧረ በማርያም ቆይ እንጂ! የትኛው ድሮ? በ1965 እና በ1966 የወሎ ህዝብ በረሃብ ሲያልቅ መንግስት ከዓለም የደበቀበት ድሮ ነው? ወይስ በ1977 ሰው ከየቀበሌው ተነስቶ ወደ ኮረምና ወደ ባቲ ጣቢያ ሲጎርፍ፣ የተረፈውም በሰፈራ ወደ ወለጋ ወደ መተከል ወደ ጋምቤላ ተጭኖ ወንድም ከእህቱ የተለያየበት? በደርግ ጊዜ እሁድ ጠዋት ስብሰባ ይጠራ የነበረው ተረሳ እንዴ፣ ወጣቱ ካድሬ እንዳያየው ተሸማቆ የሚሳለምበት ጊዜ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ እንኳን በ1968 ከመንበራቸው ተነስተው በ1971 የተገደሉበት ዘመን ነው እኮ። በዛ ዘመን የጸኑ ሰዎች ነበሩ፣ እውነት ነው፣ ግን የጸኑት ዘመኑ ስለተመቻቸው አይመስለኝም። መክብብ 7 ላይ ያለፈው ዘመን ከአሁኑ ለምን ተሻለ ብለህ አትጠይቅ ይላል፣ ይሄን በጥበብ አልጠየቅህምና ብሎም ይጨምራል፣ ሰሎሞን የሽማግሌ ወሬ ሰልችቶት መሆን አለበት። የዚህ ስህተት ጉዳቱ ወሬ ሆኖ አለመቅረቱ ነው። ድሮ ሁሉ ቅዱስ ነበር ያለ ሰው ቀጥሎ የሚለው «ዛሬ ምን አለ ብዬ እሄዳለሁ» ነው፣ ከዛ እሁድ ጠዋት እቤቱ ይውላል፣ ከዛ ጾሙን «ለጨጓራዬ» ብሎ ይፈታል፣ በአፉ ግን አሁንም የድሮ ሃይማኖተኛ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ልምጣ፣ ቁርባንን ለሽምግልና ማስቀመጥ። ይሄ የወሎ ብቻ አይደለም ሀገሩን ሙሉ የያዘ ነገር ነው። ወንዱ በአርባ ቀኑ ሴቷ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቀው ይቆርባሉ፣ ህጻን እያሉ እናት አዝላ ታቆርባቸዋለች፣ ጢምና ጡት ሲመጣ ይጠፋሉ። ከዛ በኋላ ያለው አርባ ሃምሳ ዓመት «ሳረጅ እቆርባለሁ» ነው። ቅዳሴ ላይ ቆማችሁ እዩ፣ ቀርበው የሚቆርቡት ህጻናትና አሮጊት እናቶች ናቸው፣ መሃል ላይ ያለው ትውልድ አስቀድሶ ጠበል ጠጥቶ ወደ ቤቱ ነው። ለምን ስትሉ መልሱ አንድ ዓይነት ነው፣ «ደግሜ ብወድቅስ»። ደግሜ እወድቃለሁ ብሎ ሃምሳ ዓመት ወድቆ መቆየትን ምን ይሉታል? ሌላው ደግሞ ያፍራል፣ በጊዜው የቆረበ ጎልማሳ ሲያይ ሰው «ይሄ ደግሞ ሊመንኩስ ነው እንዴ» ብሎ ያሽሟጥጣል፣ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እና ወደኋላ ሲያዩ ብዙ ሰዎችን የሚቆጫቸው ይሄ ነው፣ ጉልበት እያለ ያልቀረብኩት አሁን ጉልበቴ ቅዳሴ አያስቆመኝም፣ የአስራ ስምንት ሰዓቱን ጾም ስኳሬ አይፈቅድልኝም። ለነሱ የምለው አልረፈደም ነው፣ በወይኑ ቦታ በአስራ አንደኛው ሰዓት የገቡት ሠራተኞች ያው ዲናራቸውን ተቀብለዋል (ማቴዎስ 20)። ህመም ያለበት ሰው ደግሞ ለንስሐ አባቱ ይንገር፣ እሳቸው ያለውን ነገር አይተው የሚሉት ይኖራል፣ እቤት ቁጭ ብሎ «አይሆንልኝም» ብሎ ለራሱ አይፍረድ። ገና በሰላሳው በአርባው ያለው ግን አስራ አንደኛው ሰዓትን እንደ ቀጠሮ አይያዘው። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ፣ ፈያታዊ ዘየማን፣ መጨረሻ ሰዓት ላይ ድኗል፣ ቀጠሮ ይዞ ግን አልነበረም። በ1977 ስንቱ ሳያረጅ ቀረ፣ በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ሳያረጅ ቀረ። አካሄዱ ደግሞ ከባድ አይደለም፣ ንስሐ አባት ከሌለህ ያዝ፣ ካለህና ስሙን ብቻ የምታውቀው ከሆነ (አብዛኛው ሰው እንደዚህ ነው፣ ንስሐ አባቱን የሚያያቸው ለጠበልና ለተዝካር ነው) ሂድና ቁጭ ብለህ አውራቸው፣ የሆንከውን ሁሉ ንገራቸው፣ የሚሰጡህን ቀኖና ፈጽም፣ በሰማንያ ተጋብታችሁ ከሆነ ሁለታችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ በቁርባን ለመጽናት ጠይቁ። ባልየው አሻፈረኝ ካለ ሚስትየው ምን ታድርግ የሚለውን እዚህ ላይ እኔ የምመልሰው አይደለም፣ እሱም የንስሐ አባት ጉዳይ ነው።

የተናዘዙትን መልሶ መቆፈርም አለ። አንዳንድ እናቶች አሉ፣ በወጣትነታቸው የሆነች ነገር፣ ተናዘዋታል፣ ጾመውባታል ሰግደውባታል፣ አባ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለዋቸዋል፣ ሃያ ዓመት አልፎ ዛሬም ሌሊት ተነስተው በሷ ያለቅሳሉ፣ ሌላ ቄስ ፈልገው እንደገና ይናገሯታል፣ ያኛውም ይፈታቸዋል፣ አሁንም አልረኩም። ከውጭ ሲታይ ትህትና ይመስላል። ግን የተፈታ እስረኛ አልወጣም ካለ በሩን የከፈተለትን ነው ያላመነው። ጴጥሮስም ይሁዳም በአንድ ሌሊት ነው ጌታቸውን የበደሉት፣ ሁለቱም አዝነዋል ሁለቱም አልቅሰዋል ማለት ይቻላል፣ ይሁዳ ብሩን ሳይቀር መልሷል። ይሁዳ ጸጸቱን ይዞ ብቻውን ሄደ፣ ጴጥሮስ ግን ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፣ በኋላም ባህሩ ዳር «ትወደኛለህን» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሰጠ። ሶስቴ ተጠየቀ፣ ስለ ክህደቱ ዝርዝር ግን አንዴም አልተጠየቀም።

ለመከራ ሁሉ ምክንያት መስጠት፦ ይሄ ላይ እበሳጫለሁ እና ይቅርታ። ወሎ ውስጥ ቢያንስ አንድ የረሃብ ሬሳ ያልቀበረ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል፣ እና እስከዛሬ «በኃጢአታችን ነው የመጣብን» የሚሉ አሉ፣ ሌሎች ደግሞ ልጇን በጦርነቱ ያጣች እናት ፊት ቆመው «ለበጎ ነው» ይላሉ። በምን አወቃችሁ? በ1966ቱ ረሃብ ዝናብ መቅረቱ አንድ ነገር ነው፣ ህዝብ እያለቀ ጉዳዩን መሸፈን ግን የሰው ሥራ ነበር፣ ጦርነትም ሰው ወስኖ ሰው ተኩሶ ነው። የሰውን እጅ ደብቆ በእግዚአብሔር ማሳበብ ጽድቅ አይሆንም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ሙሉ ምንም ሳይናገሩ አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ ደህና ነበሩ፣ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው፣ መጽሐፉ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በነሱ ነው እንጂ ሲጮህ ሲሟገት በነበረው በኢዮብ አይደለም። ስለዚህ የራሳችሁን ህይወት ዞር ብላችሁ ስታዩም ምክንያቱ ያልገባችሁን ዓመት ምክንያት ፈጥራችሁ አትሙሉት። ያልገባኝ ነው ብሎ መተው ይቻላል፣ ያልገባውን ይዞም የሚያስቀድስ ሰው ሞልቷል፣ እንደውም ከሁሉም የሚጸናው እሱ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያት ፈጥሮ የተጽናና ሰው ምክንያቱ የፈረሰ ቀን እምነቱም አብሮ ይፈርስበታል።

ሌላው፣ መጽናትን ከመጠንከር ጋር ማምታታት። ይሄ በቅርብ ጊዜ የመጣ ነው፣ በስልክ የመጣ ነው ብል ይሻላል። ወሎ ውስጥ የአንድ ቤት ልጆች ግማሹ ሙስሊም ግማሹ ክርስቲያን መሆኑ ለኛ ወሬም አይደለም፣ አያቱ ሼህ የሆነ ዲያቆን አለ። ሰርግ ሲሆን ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይወጠወጣል፣ ግን ድንኳኑ አንድ ነው፣ ቤተክርስቲያን ሲሰራ ሙስሊሙ ድንጋይ ያቀብላል መስጊድ ሲሰራ ክርስቲያኑ ያዋጣል። አሁን ግን በስተርጅና ቲክቶክ ላይ ክርክር ማየት የጀመሩ ጋሼዎች አሉ፣ አርባ ዓመት ቡና አብረው የጠጡትን ጎረቤታቸውን በረካውን ሳይጨርሱ ጥያቄ ይጠይቁታል። ሃይማኖቴን ጠበቅኩ ብለው ነው። እነዚያ እናቶቻችን ሃይማኖታቸውን ጠብቀው አልፈዋል እኮ፣ የሌላ እርድ አልበሉም፣ ጾማቸውን አልሻሩም፣ ጎረቤታቸው ሲታመምም ሌሊት የቀሰቀሱት እነሱን ነበር። ጴጥሮስ በመልእክቱ ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቋችሁ መልስ ስጡ ሲል በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ብሎ ነው፣ ደግሞም ለሚጠይቃችሁ ነው ያለው። ማንም ሳይጠይቅ የሚመልስ ሰው በዝቷል።

ተሳላሚነትን መቁጠርም አለ፣ ይሄን በአጭሩ ልለፈው። ግሸን መስከረም 21 ይሄን ያህል ጊዜ ወጣሁ፣ ላሊበላ ለገና ይሄን ያህል ጊዜ አደርኩ። መውጣቱ መልካም ነው፣ ግማደ መስቀሉ ያለበት ተራራ ነው፣ እግር የቻለ ይውጣ። ግን ከግሸን ሲወርድ ከወንድሙ ጋር በመሬት የተካሰሰውን መዝገብ ያልዘጋ ሰው ምን ቆጠረ።

ለብቻ መጽናት የሚባለውም ነገር አለ። «እኔ በስልኬ ስብከት እሰማለሁ፣ መዝሙር እሰማለሁ፣ ይበቃኛል» የሚሉ ጡረተኞች በዝተዋል። ጉልበት ለከዳው ሰው ስልኩ በረከት ነው፣ አልጋ ላይ ሆኖ ቅዳሴ በቀጥታ የሚከታተል አለ፣ እሱን አልነካም። የምናገረው አራዳ ድረስ ለወሬ የሚወርድ እግር ይዞ ሰንበቴ የማይደርሰውን ነው። ሰንበቴና ጽዋ ማኅበር ጠላና ዳቦ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፣ ግን ሁለት ወር ከቀረህ «እገሌ ምን ሆኖ ነው» ብሎ ቤትህ የሚመጣው ማኅበርተኛህ ነው፣ ዩቲዩብ አይመጣም። እኛ ደግሞ የሐይቅ እስጢፋኖስ ሀገር ሰዎች ነን፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው በ13ኛው ክፍለ ዘመን እዛ ደሴት ላይ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ ቁጭ ብለው ከሳቸው የተማሩበት። እነዚህ ትልልቆቹ መምህር ይዘው፣ በማኅበር ኖረው፣ እረፉ ሲባሉ አርፈው ተነሱ ሲባሉ ተነስተው ነው የጸኑት። እኔና አንተ ብቻችንን እንችለዋለን ብለን የተነሳነው በምን አቅማችን ነው?

የቀረኝ የልጆች ነገር ነው። ያለፈውን ህይወታችንን ለልጆች የምንነግራቸው ልንገስጻቸው ስንፈልግ ብቻ ነው፣ «እኛ በናንተ ዕድሜ ሁዳዴን ሃምሳ አምስት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነበር የምንጾመው፣ እናንተ ግን»። ልጁ «እናንተ ግን» የምትለዋን ሲሰማ ኢርፎኑን ይሰካል፣ እኔም ብሆን እሰካለሁ። የምንጾመውን ብቻ ንገሯቸው፣ ያለ «እናንተ ግን»። ደግሞ የተጠራጠራችሁበትንም ጊዜ ንገሯቸው፣ ልጅ ከቀበራችሁ በኋላ ለስንት ጊዜ ዳዊት መክፈት እንዳቃታችሁ፣ ማን እጃችሁን ይዞ እንደመለሳችሁ፣ በ77 እናታችሁ በልታ ያላደረች ሴትዮ ሆና ሳለ ለማን ቆሎ እንዳካፈለች። ልጆቹ የነሱ ጥርጣሬ የመጀመሪያው እየመሰላቸው ነው የሚሸሹት። ቡና ሲፈላ አንዷን ታሪክ ብቻ አውሩ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን አታውርዱባቸው፣ ከጠየቁ ቀጥሉ ካልጠየቁ ተዉት፣ ልጅ የሚጠይቀው ሶስት ወር ቆይቶ ሊሆን ይችላል። አሜሪካም አረብ ሀገርም ላለው በቴሌግራም ድምፅ ቀርጻችሁ ላኩለት፣ ወንድ ልጅ በተለይ ፊት ለፊት ሲነግሩት የማይሰማውን ሌሊት ሥራ ላይ ሆኖ ይሰማዋል።

በመዝሙር ውስጥ የሽማግሌ ጸሎት አለ፣ በእርጅናዬ ዘመን አትጣለኝ፣ ጉልበቴም ባለቀ ጊዜ አትተወኝ የሚለው፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ ለሚመጣው ትውልድ ክንድህን እስክነግር ድረስ ይላል። ለመንገር ነው ዕድሜ የሚለምነው። ዳዊት ለምትደግሙ 70ኛው ላይ ታገኙታላችሁ፣ በስልካችሁ መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ ግን ብዙውን ጊዜ 71 ተብሎ ነው የሚመጣው፣ ቁጥሩ በአንድ ስለሚዛነፍ አጣሁት እንዳትሉ።